ትምህርት በሬዲዮ፦ ዝምታውም ይለካ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ትምህርት በሬዲዮ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስንት ሬዲዮ ተገዛ በሚለው ያልቃል። ፕሮግራሙ ልጆች ላይ ሳይሞከር፣ የመምህሩ መምሪያ ሳይታተም፣ ለባትሪ ድንጋይ በጀት ሳይያዝ የሚታደል ሬዲዮ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ መቅረቱ አይቀርም።

ዋናው ነገር ሬዲዮው ጠይቆ ልጆቹ እንዲመልሱ የሚተወው ዝምታ ነው። ሳያቋርጥ የሚያወራ ሬዲዮ የልጅን ልብ ይዞ አይቆይም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኒካራጓ ለሒሳብ፣ በኋላም በኬንያ ለእንግሊዝኛ የተሠራበት ዘዴ ይህን ይፈታል፦ ሬዲዮው ይጠይቃል፤ ዝም ይላል፤ ልጆቹ ጮክ ብለው ይመልሳሉ፤ ወዲያው ትክክለኛው መልስ ይነገራል። የዝምታው ርዝመት ታዲያ ስቱዲዮ ውስጥ በግምት አይወሰን። ለአንድ ቃል መልስ 3 ሰከንድ ሊበቃ ይችላል፤ ደብተር ላይ ተሠርቶ ለሚጻፍ ግን 20 ሰከንድም ያንሳል። ካጠረ ቀልጣፎቹ ብቻ ይመልሳሉ፣ የቀሩት መልሱ እስኪነገር መጠበቅን ይለምዳሉ። ከረዘመ ክፍሉ ይንጫጫል። ስለዚህ የፕሮግራሙ ጽሑፍ በድምፅ ከመቀረጹ በፊት ክፍል ገብቶ ይነበብ፤ አንድ ሰው ሰዓት ይዞ ከኋላ ይቀመጥ። የሚለካው የመጀመሪያው ልጅ እጁን ያወጣበት ሳይሆን አብዛኞቹ ጽፈው የጨረሱበት ነው።

ስርጭት ቁም ቢሉት አይቆምም። መምህሩ ልጆቹ የተደናገሩበትን ሰሌዳው ጥግ ላይ እየጻፈ ይቆይና ፕሮግራሙ እንዳለቀ እሱን ያስተምር።

ቆርቆሮ ጣሪያና ግድግዳ ሞገድ ስለሚያፍን ሬዲዮው መስኮት ዳር ይቀመጥ። ለኤፍኤም የአንቴናው ዘንግ ይሳብ። በመካከለኛ ሞገድ (ኤኤም) ግን አንቴናው ሳጥኑ ውስጥ ስላለ መዞር ያለበት ሬዲዮው ራሱ ነው፤ ዘንጉን ሲያጣምሙ መዋል ለውጥ የለውም። ኤፍኤም ከተራራ ጀርባ ላለ ትምህርት ቤት በደንብ አይደርስም፤ ለዚያ ትምህርቱ በሚሞሪ ካርድ ይላክ። አሮጌና አዲስ ድንጋይ አይደባለቅ፤ የደከመው ከአቅሙ በላይ ይሟጠጥና ፈሳሽ አውጥቶ ድንጋዩ የሚነካውን የሬዲዮውን ብረት ይበላዋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋም ድንጋዩ ይውጣ።

ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምፁን እስከ መጨረሻ መክፈት አይረዳም፤ የትንሽ ድምፅ ማጉያ ድምፅ ይሻክርና ቃላቱ ይደበላለቃሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ትምህርት በሌላ ቀንና ለከሰዓት ፈረቃም እንዲደገም የሥርጭት ሰዓት የሚመድቡ ክፍሎችን እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት በሬዲዮ ባለሙያዎች