መደርደሪያ ላይ አታስቀምጣት

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን አለህ አባቴ? እኔ ደህና ነኝ፤ ናፍቆትህ ብቻ ነው።

ያሺካ ካሜራህ ተሠርታለች። በደንብ ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ስታመጣልኝ ግን «ባትሠራም ችግር የለም፣ መደርደሪያ ላይ ታምራለች» ያልከኝን አልረሳሁትም። አይሆንም ልጄ። ያን ያህል ምሽት ያጎነበስኩባት ለጌጥ ብዬ አይደለም። ደግሞስ እንዲህ ያደረጋት መደርደሪያ አይደል? እንዴት መሰለህ፣ ላስረዳህ።

ያሺካ ማት 124ጂ የተመረተችው እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1986 ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ የለም፤ ያለው ሁሉ ሰው ቤት የኖረ ነው። እንዲህ ያሉ ካሜራዎችን አብዛኛውን ጊዜ የሚገድላቸው ሥራ ሳይሆን መቀመጥ ነው። ፊልሙን ለብርሃን የሚከፍተውና የሚዘጋው ሻተር ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ጥርሶች ከፋብሪካ ሲወጡ ስስ ቅባት አላቸው። ካሜራው ለዓመታት ሳይነካ ሲቀር ቅባቱ ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዛቸዋል። መጀመሪያ የሚታመሙት ቀርፋፋዎቹ ፍጥነቶች ናቸው። 1 ሰከንድ ወይም ግማሽ ሰከንድ ስታደርጋት ሻተሩ ቶሎ እንዳይዘጋ የሚያቆዩት እነዚያ ጥርሶች ናቸውና። ያንተዋም 250 ላይ (የሰከንድ 1/250ኛ ማለት ነው) ጠቅ ትል ነበር፤ 1 ሰከንድ ላይ ግን ዝዝዝ ብላ መሀል ላይ ትቀራለች። የሸጠልህ ሰው «ትሠራለች» ማለቱ ውሸት አልነበረም። ቀርፋፋውን አልሞከረማ።

የፊቷን መሸፈኛ ፈታሁት። ብሎኖቿ በጣም ትናንሽ ናቸው። ልኩ ያልሆነ ካቻቢቴ ከገባባቸው ራሳቸው ይበላል፣ ከዚያ በኋላ መፍታት ጭንቅ ነው። በወጡበት ቅደም ተከተል ነጭ ወረቀት ላይ ደረደርኳቸው፤ እያንዳንዷን ደረጃም በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ከዚያ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ የላይተር ቤንዚን ጥርሶቹ ላይ ጠብ ማድረግና ሻተሩን ደጋግሞ ማሠራት ነው። ቆሻሻው ይሟሟል፣ በጥጥ ታነሳዋለህ፣ እንደገና ጠብ። መስኮት ተከፍቶ፣ እሳት የሚባል ነገር በአካባቢው ሳይኖር ነው ታዲያ። ቀስ በቀስ ያ የታፈነ ድምፅ ይጠራል። ዝርርር ብሎ ሄዶ፣ ሄዶ፣ ጠቅ። ይህን ድምፅ ስሰማ ጥሩ ፎቶ ያየሁ ያህል ነው ደስ የሚለኝ።

ቅጠሎቹን ግን ዘይት አላስነካኋቸውም። ቅጠል የምልህ ሌንሱ መሀል የሚከፈቱትንና የሚዘጉትን ስስ ብረቶች ነው። እነሱ ደርቀው ነው የሚሠሩት። ዘይት ከደረሰባቸው እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ከዚያ ዞረህ ዞረህ የተነሳህበት ትመለሳለህ። አንድ ቀን «ትንሽ ዘይት ጠብ አድርግባት» የሚልህ ባለሙያ ነኝ ባይ ቢመጣ ካሜራዋን ከእጁ ተቀበል።

ፍጥነቷን የለካሁት በስልክ ነው። ድምፅ መቅጃውን ከፍተህ ሌንሱ አጠገብ ታስቀምጠዋለህ። ሻተሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ሞገዱ ላይ ሁለት ጉብታ ይታያል፤ በመሀላቸው ያለው ጊዜ ፍጥነቱ ነው። 1 ሰከንዷ አሁን 1 ሰከንድ ናት። 500 ግን በዚህ መንገድ በትክክል አይለካም። በዚያ ላይ ያረጀ ሞላ 500 ላይ መዘግየቱ የተለመደ ስለሆነ ብዙ አትመናት፤ 250 ይበቃሃል። የግድ 500 ካስፈለገህ ፊልሙን ከመጠምዘዝህ በፊት ምረጠው። ሻተሩ ከተወጠረ በኋላ ወደ 500 ለማዞር አትታገል፣ የዕቃውን ዕድሜ ያሳጥረዋል።

ጀርባዋ ላይ ብርሃን እንዳይገባ የሚከላከለው ስፖንጅ ሟሙቶ ተጣባቂ ጥቁር ዝቃጭ ሆኖ ነበር። በእንጨት ስንጥርና በአልኮል ጠርጌ አዲስ ለጠፍኩ። ውስጥ ያለችውን መስተዋት ግን በምንም ጨርቅ አትጥረጋት። የቤት መስተዋት ብሩ ከመስታወቱ ኋላ ነው፤ የዚህች ግን ከፊት ነው፣ ስለዚህ በቀላሉ ይፋቃል። አቧራ ከያዛት በአየር መንፊያ እፍ አድርግላት፣ ይበቃል።

አሁን ብዙ ሰው የማያየውን ልንገርህ። ሁለት ሌንስ ነው ያላት። በላይኛው ታያለህ፣ በታችኛው ታነሳለህ። ሁለቱ ካልተስማሙ ከላይ በምታይበት ስክሪን ላይ ጥርት ያለው ነገር ፊልሙ ላይ ይደበዝዛል፣ አንተም ጥፋቱን ራስህ ላይ ታደርጋለህ። ስለዚህ ጀርባዋን ከፍቼ ፊልሙ በሚያልፍበት ሐዲድ ላይ ደብዘዝ ያለ ስኮች ወጥሬ ለጠፍኩ። ሻተሩን ቢ ላይ አድርጌ በኬብል ክፍት እንደሆነ ያዝኩት። ከዚያ ሩቅ ወዳለ ምሰሶ አዞርኳት። ስኮቹ ላይ ምሰሶው ከነሽቦዎቹ ተገልብጦ ይታያል። በማጉያ መነጽር እያየሁ ፎከሱን ሳዞር ሽቦዎቹ ታች ጥርት ሲሉ ላይኛው ስክሪን ላይ ገና ደብዛዛ ነበሩ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ግን አለ። እዚህ ላይ የምታምነው የታችኛውን ነው፤ ፊልሙን የሚያገኘው እሱ ነውና። የላይኛውን ሌንስ ማሰሪያ አላልቼ በጣም በትንሹ እያዞርኩ አስማማሁት። አንድ ሙሉ ምሽት የወሰደብኝ ይሄ ነው። ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበትም ይሄው ነው።

የተውኳቸውም አሉ። የላይት ሜትሯ፣ የብርሃን መለኪያዋ ማለቴ ነው፣ የተሠራው ለ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ነው፤ ያ ባትሪ በሜርኩሪው ምክንያት ከገበያ ወጥቷል። ተራው 1.5 ቮልት ቢገባላትም ንባቡ ያሳስታል። ስለዚህ መርፌዋ ብትንቀሳቀስም አትስማት። የፊት ሌንሱ ላይ ያሉትን ቀጫጭን ጭረቶችም አልነካሁም። ፀሐይ ፊት ለፊት ካልሆነች ፎቶ ላይ አይታዩም ማለት ይቻላል፤ ለማጥፋት መፈተግ ግን ሌንሱን ይገድለዋል። በራሷ የምታነሳዋን ታይመር ደግሞ ጭራሽ አትንካት። እዚያ ውስጥ ያሉትን ጥርሶች አልፈታኋቸውም፣ ቢያዙ ሻተሩንም ይዘውት ይቆማሉ።

የሚገባላት 120 ፊልም ነው። ኮዳክ ይህን ፊልም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው፤ ዛሬም አዲስ ይመረታል። ይገርምሃል አይደል? ያንዱ ፍሬም ስፋት በግምት 56 በ56 ሚሊሜትር ነው፤ ከተለመደው የ35 ሚሊሜትር ፊልም ፍሬም ከ3 ተኩል እጥፍ በላይ ይሰፋል። አንድ ፊት ስታነሳ የቆዳውና የፀጉሩ ዝርዝር የሚወጣው ለዚህ ነው። ከመጫንህ በፊት ጀርባዋ ውስጥ ያለችውን ጥቁር ሳህን እይ። 12 እና 24 የሚል ምርጫ አላት፤ 12 ላይ መሆኗን አረጋግጥ። 24 ለ220 ፊልም ነው፣ እሱ ጀርባው ላይ ወረቀት ስለሌለው ውፍረቱ ይለያል። ጥላ ሥር ሆነህ ጫን። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀስት ከካሜራዋ ምልክት ጋር እስኪገጥም መዘውሩን አዙር፣ ጀርባዋን ዝጋ፣ ከዚያ 1 ላይ በራሱ እስኪቆም ጠምዝዝ። ጥቅሉ እንዳይላላ በጣትህ ያዝ ያዝ አድርገው።

የብርሃኑን ነገር አትፍራ። አብሬ የላኩልህ ፊልም ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስ ነው፣ ጥቁርና ነጭ፣ ለብርሃን ያለው ስሜት አይኤስኦ 400። ኤፍ የምልህ የሌንሱን ቀዳዳ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ጠራራ ፀሐይ ላይ 250 እና ኤፍ 22፤ ደመና ከሆነ ኤፍ 11፤ ክፍት ጥላ ውስጥ ኤፍ 8። ከተጠራጠርክ ብርሃን ጨምርላት። ይህ ፊልም ሲበዛበት ይችላል፣ ሲያንሰው ግን ጥላው ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል። የስልክህን ሜትር ብትጠቀምም አልቀየምህም።

ስክሪኑ ላይ ግራና ቀኝ ተገላብጦ ነው የሚታየው። መጀመሪያ ያናድድሃል። ሰው ወደ ቀኝ ሲሄድ አንተ ወደ ተሳሳተው ወገን ትዞራለህ። ታገሠው፣ እጅህ ይለምደዋል። እኔ እንዲያውም ይህን መገላበጥ እወደዋለሁ። የምታውቀው ቦታ እንግዳ ስለሚሆንብህ፣ ያላየኸውን ጥግ ታያለህ። ሰው ስታነሳ ደግሞ ካሜራዋ ሆድህ ጋር ናት፤ ፊትህን የሚሸፍን ነገር የለም። አንገትህን ደፍተህ ታያለህ፣ ቀና ብለህ ታወራዋለህ፣ ሰውየው ይረጋጋል። ቅርብ ስትሆን ብቻ ከራሱ በላይ ትንሽ ባዶ ቦታ ተው። የምታይበት ሌንስ ከሚያነሳው ከፍ ስለሚል ራስ ሊቆረጥ ይችላል።

ፊልሙን ማጠብ ስትመጣ አብረን እንሠራዋለን፤ ታንኩም መድኃኒቱም አለኝ። ይህን የመጀመሪያውን ግን አትጠብቀኝ፣ ያገኘኸው ቦታ አሳጥበው። እውነቱን ልንገርህ፣ ይህ ጥቅል እስኪታጠብ ድረስ ካሜራዋ ድናለች ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም። ስለዚህ 1ኛውን ሩቅ ነገር አንሳ። 2ኛውን አንድ ሜትር ላይ፣ ኤፍ 3.5 ከፍተህ፣ ጽሑፍ ያለበት ነገር ላይ። 3ኛውን ትራይፖድ ላይ አድርገህ በ1 ሰከንድ። 4ኛውን ፀሐይ በጎን እየመታት አንሳና ጠቅ ካልክ በኋላ ትንሽ አቆያት፤ ስፖንጁ የሚያሳልፈው ብርሃን ካለ ይታወቃል። የቀሩት 8 ያንተ ናቸው። የምትወዳቸውን ሰዎች አንሳባቸው።

ሲታጠብ ስካኑን ብቻ ተቀብለህ እንዳትሄድ፤ ኔጋቲቩን ጠይቅ። ሦስት ሦስት ፍሬም አስቆርጠህ ላክልኝ። ጠርዙ ላይ ጥቁረት ካለ ብርሃን እየገባ ነው፣ በፍሬሞቹ መሀል ያለው ክፍተት ከተዛባ መጠምዘዣው ነው፣ ጽሑፉ ከደበዘዘ ደግሞ ያቺ ፎከስ ናት፣ እንደገና እገባባታለሁ። ስኮቹን አልጣልኩትም።

የምትወድህ እናትህ