ግልጽ ደብዳቤ፦ ድሬዳዋን ወክላችሁ ፓርላማ ለገባችሁ ሁለት እንደራሴዎቻችን

የተከበራችሁ እንደራሴዎቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የአዲስ አበባው ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እዚህ ሙቀቱ እንደምታውቁት ነው። ይህን የምጽፈው ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ በር ላይ ወንበር አውጥቼ። ገና ውስጥ አይገባም። ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ፀሐይ የሚተፋው ማታ ነው።

የሳቢያን ሰፈር ተከራይ ነኝ። ባለቤቴ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ናት። እኔ የአንድ ግል መጋዘን ሒሳብ ሠራተኛ። ሁለት ልጆች አሉን። የምንኖረው ግቢ ውስጥ ከተደረደሩት ሦስት ሰርቪስ ቤቶች በመካከለኛው ነው። አንድ ክፍል ናት፤ በመጋረጃ ሁለት አድርገናታል። ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ቧንቧው የጋራ፣ ቆጣሪው የጋራ። የመብራት ሒሳብ ሲመጣ የማን ፍሪጅ እንደበላ የሚነሳው ክርክርም የጋራ ነው።

ነገሬን ከአንድ ማታ ልጀምር። ነሐሴ 2017 ላይ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከመስከረም ጀምሮ እንደሚሻሻል በዜና ተነገረ። ዝቅተኛው ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ከፍ ይላል ተባለ። ባለቤቴ ቡና አፈላች። ጠዋት አከራያችን በር አንኳኩ። «እንኳን ደስ ያላችሁ» አሉ። ቀጥለው ቤቱ ከ3,500 ወደ 5,000 ብር መግባቱን ነገሩን። የዝቅተኛው ደመወዝ ጭማሪ 1,240 ብር ነው። የኪራያችን ጭማሪ 1,500። ደመወዙ ገና መንገድ ላይ ነበር፣ ኪራዩ ቀድሞት ገባ። እኔ ደግሞ የግል ሠራተኛ ስለሆንኩ ከጭማሪው የደረሰኝ ኪራዩ ብቻ ነው።

አከራያችንን ለመክሰስ አልጻፍኩም። የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበሩ ሰው ባለቤት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ከጡረታዋ ላይ በእነዚህ ሦስት ክፍሎች ነው። «ልጄ፣ ዘይቱን እኔም በዚያው ዋጋ ነው የምገዛው» አሉኝ። ምን ይመለሳል? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ሁሉም ነገር ወደ ላይ ነው። ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ ሲሚንቶ ስታመርት በኖረች ከተማ፣ አንድ ጥግ ለመለሰን ሲሚንቶ መግዛት ራሱ የቤተሰብ ጉባኤ ይጠይቃል።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ እንጂ ሕጉ አለ። ያወጣችሁትም እናንተው ናችሁ። መጋቢት 24 ቀን 2016 ምክር ቤታችሁ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ሲያጸድቅ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ውል ከሁለት ዓመት አያንስም ይላል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም ይላል። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል ባወጣው መጠን ነው ይላል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ ይላል። አትሜ መጋረጃው ላይ በመርፌ ቁልፍ ሰካሁት። ባለቤቴ ስቃለች።

ከጭማሪው በኋላ ያንን ወረቀት ይዤ ውል ላስመዘግብ ወጣሁ። የሄድኩበትን ቢሮ ስም አልጠራም፤ ልጁ ትሑት ነበር። «አከራይዎ የታሉ?» አለኝ። ለምኜ አመጣኋቸው። «ካርታው የታለ?» አለ። ካርታውን ከፌስታል አወጡ፤ ከፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል፣ ከዚያ ውስጥ የታጠፈ ጨርቅ። ልጁ ዘረጋው፣ አየው፣ ወደኔ ዞረ። «ሰርቪሶቹ እዚህ ላይ የሉም» አለ።

የሉም። ዋናው ቤት አለ፣ አጥሩ አለ፣ የማንጎዋ ዛፍ ያለችበት ባዶ ቦታ አለ። እኔ ስድስት ዓመት የተኛሁበት ክፍል ግን የለም። ሰርቪሶቹ ያለ ፈቃድ ኋላ የተጨመሩ ናቸው። የሌለ ቤት ውል አይመዘገብም። ውሉ ያልተመዘገበ ተከራይ ደግሞ አዋጁን ይዞ የት ይሄዳል? አከራያችን ግብሩም ቅጣቱም በአንድ ቀን እንዳይመጣባቸው ሰግተው ካርታቸውን መልሰው በጨርቁ አጠፉት። ወጣን። ባጃጁን እኔ ከፈልኩ።

እዚህ ላይ ነው የኔ አቤቱታ። በዚህ ከተማ ደሀው የሚከራየው አብዛኛው ቤት እንዲህ ያለ ነው፤ ሰርቪስ፣ ከፊል ግንባታ፣ ጨረቃ ቤት። አዋጁ ግን የሚያየው ካርታ ላይ ያለውን ቤት ነው። በወር አምስት ሺህ ብር የሚከፍለውን ዘሎ፣ ባለ ሙሉ ወረቀቱን ቪላ ተከራይ ይጠብቃል። በዚያ ላይ ጥር 2017 የንብረት ግብር አዋጅ አጽድቃችኋል። ግብሩ በአከራዩ በር ገብቶ በማን በኩል እንደሚወጣ ለመገመት የሒሳብ ሠራተኛ መሆን አያስፈልግም።

ወዳጆቼ በርጫ ላይ ግራ ዘመም ይሉኛል። አንዱ ቀልደኛ «ይሄ እንኳ ግራ ዘመም ሳይሆን ግራ የገባው ነው አቦ» ብሎ ሁሉን አስቋል። ሁለቱም ልክ ነው። በዚህ ዘመን ግራ ዘመም የሆነ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። የካቲት 1957 ተማሪዎቹ «መሬት ለአራሹ» ብለው ወጡ። በ1967 የገጠሩም የከተማውም መሬት የመንግሥት ሆነ። ዛሬም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። እሺ፣ የሕዝብ ከሆነ እኔ አለሁበት ማለት ነው። ታዲያ የከተማ መሬት ለእኔ ብጤ የሚቀርበው በምን መንገድ ነው? በሊዝ ጨረታ፤ ብዙ ለሰጠ። በአንድ ወቅት የጨረታ ውጤት ተለጥፎ አይቼ የካሬውን ዋጋ በልቤ ለደመወዛችን አካፈልኩት፤ ልማዴ ነው። የሁለታችን የወር ደመወዝ ተደምሮ ፍራሽ የሚዘረጋበት ቦታ አልሞላም። መንግሥታችን መሬት ሲይዝ ሶሻሊስት፣ ሲሸጥ ነጋዴ ነው።

የሊዝ አዋጁ፣ ቁጥር 721/2004፣ እኮ ሁለት በር አለው፦ ጨረታና ምደባ። ምደባው ለጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ ለቤት ሥራ ማኅበራትም ተብሎ የተቀመጠ ነው። እኛን የሚያስገባው በር እሱ ነበር። ለእኛ የሚከፈተው ግን ስንጥቁ ብቻ ነው።

ደርግን ናፈቀ እንዳትሉኝ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ትርፍ ቤቶችን ወርሷል፣ ኪራይም ቀንሷል። ግራ ቀኙን ሳይለይ ወጣት የጨረሰው ቀይ ሽብርም በዚያው እጅ የመጣ ነው። አክስቴ አዲስ ከተማ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ትኖራለች። የወር ኪራይዋ የአንድ ፉል ዋጋ አይሞላም። ጣሪያዋ ግን ስንት ዘመን እድሳት አላየም። በዝናብ ቀን ጀበናዋ፣ ድስቷ፣ የማይፈለገው ሽንት ቤት ባልዲ ሳይቀር ወለሉ ላይ በሰልፍ ይቆማል። መውረስ ተችሎ ነበር። ማደስና ተጨማሪ መሥራት ግን ተረሳ። ይህን እኛ ግራ ዘመሞች ደፍረን ብንናገር ጥሩ ነው።

ኮንዶሚኒየሙም ሌላ ትምህርት ነው። መንግሥት ሠራ፣ በዕጣ ሸጠ። ዕጣው ከወጣላቸው ብዙዎቹ አከራዩት። ለቤት አልባው ታስቦ የተሠራው ቤት ተመልሶ ለቤት አልባው በገበያ ዋጋ ተከራየ። የሕዝብ ሆኖ የሚቆይ፣ የማይሸጥ፣ በልክ የሚከራይ ቤት የሚሠራ ሰው ግን ጠፋ።

ይቺ ከተማ ራሷ የዚህን ነገር ጥቅም ታውቀዋለች። በ1895 ባቡሩ ወደ ሐረር መውጣቱ ቀርቶ ከተራራው ሥር ሲቆም፣ «አዲስ ሐረር» ተብላ የተቆረቆረችው በባቡሩ ምክንያት ነው። ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ያሉት የባቡር ቤቶች ኩባንያው ለሰዎቹ የሠራቸው ናቸው። ፈረንሳዊው ባለ አክሲዮን ለጽድቅ ብሎ አይደለም። ሠራተኛው ካላደረ ባቡሩ እንደማይሄድ ገብቶት ነው። ዛሬ የኢንዱስትሪ ፓርክ ከፍተናል፣ ነሐሴ 2014 ነፃ የንግድ ቀጠና መርቀናል። ደስ ይላል። ሠራተኛው የት እንደሚያድር ግን ለደላላ ተትቷል።

ደላላ ካነሳሁ፤ ጭማሪው ሲመጣ አንዱን ደላላ አናግሬ ነበር። «ደቻቱ ዳር ርካሽ አለልህ» አለኝ። አየሁት፣ ቤቱ አይከፋም። ባለቤቴን ወስጄ አሳየኋት። እሷ የ1998ቱን ክረምት ታስታውሳለች። ያኔ ደቻቱ በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ሸለቆውን አየች፣ ልጆቹን አየች። «እንሂድ» አለች። በድሬ ኪራይ ርካሽ የሚሆነው ወንዙ ሲቀርብ ነው።

ፖለቲካው ስለዚህ ሁሉ ምን ይላል? ቴሌቪዥን ስከፍት የማየው ስለ ማንነት፣ ስለ ወሰን፣ ስለ ታሪክ ሲከራከሩ ነው። ተቃዋሚውም ገዢውም ያው። ትንሽ ነገር ነው አልልም፤ ሰው ይሞትበታል። ግን አንድ ሰው እንኳ «ለመሆኑ ኪራይ ስንት ገባ?» ሲል ልስማ። በድሬ ለዓመታት ሲነገር የኖረ አንድ ቀመር አለን፤ 40-40-20፣ ከመቶ አርባው ለኦሮሞ፣ አርባው ለሱማሌ፣ ሃያው ለሌላው። ወንበር እንዴት እንደሚከፋፈል ይናገራል። ኪራይ ግን ይህን ቀመር አያውቀውም። ከእኛ በስተግራ ያለው ክፍል ውስጥ ባጃጅ የሚነዳ የሱማሌ ልጅ አለ። በስተቀኝ ከሐረርጌ ገጠር የመጡ አራት የፋብሪካ ልጆች አሉ፤ ኦሮሞዎች ናቸው። መሀል እኛ። የዚያን ቀን ጠዋት አከራያችን ሦስቱንም በር በተራ አንኳኩ። ማታ ሁላችንም ግቢው ውስጥ ተቀምጠን ሆጃ ጠጣን። በሦስት ቋንቋ አንድ ነገር ስናማርር አመሸን።

እነዚያ አራት ልጆች ሁለት ፍራሽ ነው ያላቸው። ሁለቱ የሌሊት ፈረቃ ሲገቡ ሁለቱ ይተኛሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም፣ ቦርዱም ዝቅተኛ ደመወዝ እንደሚወስን ጽፏል። ልጆቹ ያንን ሲጠብቁ ዓመታት ነጎዱ። ለግል ሠራተኛ ወለል የለውም፤ ለኪራዩ ደግሞ ጣሪያ የለውም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ላይ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች መኖሪያ እንዲያገኙ ፖሊሲዎች እንዲያልሙ ያዛል። አቅም አልፈቀደም ቢባል እቀበል ነበር። ግን ለመናፈሻ፣ ለመብራት፣ ለእግረኛ መንገድ ድንጋይ አቅም ሲፈቅድ አያለሁ። መንገዱ ያምራል፣ አልዋሽም። ልጆቼ ማታ ማታ እዚያ ይሮጣሉ። ከሩጫው በኋላ ግን የሚመለሱት ወደዚችው ክፍል ነው።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ አዋጅ 1320 የማያያቸውን ሰርቪሶች የሚያይበት መንገድ ይኑር። አከራይ ክፍሉን ስታስመዘግብ ቅጣት ሳይሆን የግብር እፎይታ ታግኝ፤ ያን ጊዜ ካርታዋን ከጨርቅ አውጥታ በፈቃዷ ትመጣለች። ከሁሉ ይህን እፈልጋለሁ፤ ነገ ቢጀመር ገንዘብ አይበላም። ለሚኒስትሩ ጥያቄ የምታቀርቡበት ቀን ሲደርስ ይህን ጠይቁልን። ከዚያ ምደባው ለማይሸጥ የሕዝብ ኪራይ ቤት ይዋል። የደመወዝ ቦርዱስ? እሱንም አንሱት፤ አንድ ጊዜ በማይክ ስሙ ቢጠራ እንኳ ልጆቹ ይሰማሉ።

ከ547 ወንበር ሁለቱ ብቻ የእኛ መሆናቸውን አውቃለሁ። ሁለት ድምፅ ሕግ አያሳልፍም። ጥያቄ ግን ያስይዛል።

ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ወደ መራጫችሁ ስትመጡ ስብሰባው አዳራሽ ውስጥ፣ አየር ማቀዝቀዣ ሥር እንዳይሆን። ሳቢያን ኑ። ከቀኑ በስምንት ሰዓት ይሁን፤ ማታ ከሆነ ነገሩ አይገባችሁም። ባለቤቴ ቡና ታፈላለች። ጀበናዋ ውስጥ የድሬ ውሃ የሠራውን ነጭ ቅርፊት አትዩ፣ ቡናው ደህና ነው። ወንበር ሁለት አለን፤ ለእናንተ ይበቃል። እኛ አልጋው ላይ እንቀመጣለን።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የሳቢያን ተከራይ
ድሬዳዋ