የቼዝ ሰዓት አሞላል ይታሰብበት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቼዝ ውድድሮች፣ በተለይም ጊዜው ለተጫዋቹ በደረጃ ተከፋፍሎ በሚሰጥባቸው ውድድሮች፣ ተጫዋችንና ዳኛን ደጋግሞ ስለሚያጨቃጭቅ አንድ ጉዳይ፣ ስለ ሰዓቱ አሞላል፣ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። መርፌ ያለው የድሮው ሰዓት ስንት እንቅስቃሴ እንደተደረገ አያውቅም ነበር። ዲጂታሉ ግን እንዲቆጥር ተደርጎ ሊሞላ ስለሚችል፣ ብዙዎቻችን ቆጠራውን ለእርሱ ትተንለታል።

በቼዝ ኦሊምፒያድ ሲሠራበት የቆየውን ሥርዓት እንውሰድ። እያንዳንዱ ተጫዋች ለመጀመሪያዎቹ 40 እንቅስቃሴዎች 90 ደቂቃ፣ ለቀሪው ጨዋታ ደግሞ 30 ደቂቃ ያገኛል፤ ከመጀመሪያው እንቅስቃሴ ጀምሮም በየእንቅስቃሴው 30 ሰከንድ ይጨመርለታል። ይህ ሁለተኛው 30 ደቂቃ በሁለት መንገድ ሊመጣ ይችላል፤ ወይ የመጀመሪያው ደረጃ ጊዜ ተሟጦ ዜሮ ሲደርስ፣ ወይ ደግሞ ሰዓቱ ራሱ እየቆጠረ 40ኛው ላይ ሲደርስ። በመጀመሪያው መንገድ ከተሞላ፣ 40 እንቅስቃሴውን 8 ደቂቃ እየቀረው የጨረሰ ተጫዋች በሰዓቱ ላይ የሚያየው 38 ደቂቃ ሳይሆን ያችኑ 8 ደቂቃ ነው። አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ሰዓቱ ተበላሽቷል ብሎ ዳኛ ይጠራል፤ ዓይን አፋር ከሆነ ደግሞ ዝም ብሎ እየተጣደፈ ጨዋታውን ያበላሻል። በሁለተኛው መንገድ እንዲህ ያለ ድንጋጤ ስለሌለ ተጫዋቾች ይመርጡታል። እኔ ግን አልመርጠውም።

ሰዓቱ የሚቆጥረው ተጫዋቹ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚጫነው ቁልፍ ስንት ጊዜ እንደተጫነ እንጂ በገበታው ላይ የሆነውን አይደለም። አንዱ ተጫዋች ተንቀሳቅሶ ሰዓቱን መጫን ቢረሳና ተጋጣሚው ዝም ብሎ ቢመልስለት፣ ሕገ ወጥ እንቅስቃሴ ሲታረም ቁልፉ አንድ ጊዜ ቢደገም፣ ወይም ገና ሲጀመር ሰዓቱ ጥቁሩን እንደ ነጭ ቢይዘው፣ ቆጠራው ይዛነፋል። ሁለተኛው 30 ደቂቃ በ39ኛው ቢመጣ ቀላል ነው። ወደ 41ኛው ሲገፋ ግን 40 እንቅስቃሴውን በሕጉ መሠረት የፈጸመ ሰው ሰዓቱ ዜሮ ላይ ቆሞበት፣ ተጋጣሚው ማሸነፉን ሲያውጅ ይሰማል።

የዓለም አቀፉ ቼዝ ፌዴሬሽን ሕግ ስድስተኛ አንቀጽ የእንቅስቃሴ ቁጥር የሚያሳዩ ሰዓቶችን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ተጫዋቹ በዚያ ብቻ ተመርኩዞ አቤቱታ ማቅረብ አይችልም። ዋናው ማስረጃ ተጫዋቾቹ የሚመዘግቡበት ወረቀት ነው። በየእንቅስቃሴው 30 ሰከንድና ከዚያ በላይ በሚጨመርበት ጨዋታ፣ ከ5 ደቂቃ በታች የቀረው ሰው እንኳ መመዝገቡን እንዲያቆም ስለማይፈቀድለት፣ ወረቀቱ እስከ መጨረሻው መሟላት ይኖርበታል። እንዲህ እያለ ሰዓቱን ማስቆጠር ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም። ጭማሪ ሰከንድ በሌለበት ደረጃ ነገሩ ይለያል፤ እዚያ ዳኛው ወይም ረዳቱ አጠገባቸው ቆሞ ቢመዘግብ ይሻላል።

ሰዓቱ በትክክል ቢሞላም ደንቡ ለተጫዋቹ ካልደረሰው ምን እንደሚያስከትል በ2015 እ.ኤ.አ. በኖርዌይ፣ ስታቫንገር ከተማ ታይቷል። በጊዜው የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ማግኑስ ካርልሰን ቬሴሊን ቶፓሎቭን ለማሸነፍ ተቃርቦ ሳለ፣ 60 እንቅስቃሴ ካለፈ 15 ደቂቃ ይጨመርልኛል ብሎ በማሰቡ ሰዓቱ አለቀበትና ተሸነፈ። የዚያ ውድድር ደንብ ለ40 እንቅስቃሴ 2 ሰዓት፣ ለቀሪው ጨዋታ በሙሉ 1 ሰዓት የሚል ነበር፤ ከ60ኛው በኋላ የሚጨመረው በየእንቅስቃሴው 30 ሰከንድ ብቻ ነው። ካርልሰን ዘግይቶ ስለደረሰ የዳኛውን ማሳሰቢያ አልሰማም። ጥፋቱ የራሱ ነው ቢባል አልከራከርም፤ ደንቡ በጽሑፍ ጠረጴዛው ላይ ቢቀመጥለት ግን ምን ይጎዳ ነበር?

ሌላም አለ። በብዙ ሰዓቶች ላይ የሰከንዱ ጭማሪ ለየደረጃው ለብቻው ይሞላል። በአንድ ውድድር ከጎን ሆኜ ስመለከት፣ ሁለተኛው ደረጃ ላይ የደረሰ ወጣት ቁልፉን በተጫነ ቁጥር የቀረው ጊዜ ባለበት ይቆማል እንጂ አንዲት ሰከንድ አይጨምርም ነበር፤ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ 30 ሰከንድ ያስገባው ሰው ሁለተኛውን ረስቶታል። ልጁ አቤት ሲል ዳኛው «ጨዋታው ሲያልቅ እናየዋለን» አሉት። ሕጉ ግን አሞላሉ ስሕተት ሆኖ ሲገኝ ሰዓቱ ወዲያው እንዲቆም፣ ዳኛውም እንደ ሚዛናዊ ግምቱ ጊዜውን እንዲያስተካክል ያዛል።

ስለዚህ አዘጋጆች ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ደረጃዎቹንና ሰዓቱ የሁለተኛውን ደረጃ ጊዜ መቼ እንደሚሰጥ በጽሑፍ አዳራሹ ውስጥ እንዲለጥፉ፣ ሁሉንም ሰዓቶች በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲያስሞሉ እጠይቃለሁ። ከየዓይነቱ አንዱን ሰዓት የመጀመሪያውን ደረጃ ወደ 1 ደቂቃ አሳጥሮ ሞልቶ፣ ዜሮ ሲደርስ የሚያደርገውን ማየትም አይከብድም፤ በዚያው ቁልፉን ሁለት ሦስት ጊዜ ተጭኖ የሁለተኛው ደረጃ ሰከንድ መጨመር አለመጨመሩን ማረጋገጥ ይቻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቼዝ ወዳጅ፣ ከአዲስ አበባ