የምረጡኝ ቃልና የውሃ ደረሰኝ

ጅማ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምት ስትመጪ ከሰፈር ልጆች ጋር ሆናችሁ ፓርቲዎች በቅስቀሳ ጊዜ የሚገቡትን ቃል ልትከታተሉ እንዳሰባችሁ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ብቻ ያሰጋኛል። እንዲህ ያለው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ምርጫው አልፎ፣ ቃሉ ተረስቶ፣ ሰውም ከተናደደ በኋላ ነው። ያኔ «ብላችሁ ነበር» ስትሉ «እንዲያ አላልንም» ይሏችኋል፤ ማስረጃ ካልያዛችሁ እዚያው ያበቃል። ስለዚህ መዝገቡ መከፈት ያለበት ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ነው። ከምርጫው 4 ቀን አስቀድሞ ቅስቀሳ ስለሚቆም፣ መሰብሰብ ያለበት ሁሉ ከዚያ በፊት ተሰብስቦ ይለቅ።

የምርጫ ቃል እንደ ቤት ኪራይ ውል ፍርድ ቤት ወስደሽ የምታስፈጽሚው ነገር አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን፣ ሕዝብም እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ይናገራል። አንቀጽ 54 ይህንኑ ለተወካዮች ምክር ቤት አባላት ይደግመዋል። ነገር ግን የሚነሳው ሰውየው ነው፤ ማኒፌስቶው፣ ማለትም የምርጫ ቃሉ የተጻፈበት ሰነድ፣ ደግሞ የፓርቲው። ፓርቲውን መያዝ የምትችሉት በራሱ አንደበት፣ በራሱ በጀትና በራሱ ሪፖርት ነው። ሌላ ጉልበት የላችሁም፤ ይሄ ግን ሲሠራበት ቀላል ጉልበት አይደለም።

ከቃላቱ ጀምሪ። የኛ ቋንቋ ለፖለቲከኛ ይመቻል። «እንሠራለን» ሲል አሁን እየሠራን ነው ማለቱ ይሁን ወደፊት ነው ማለቱ አይለይም፤ ነገ ስትጠይቂው የሚመቸውን ይመርጣል። ከዚያ የባሰው ባለቤት የሌለው ግሥ ነው፦ ይጠናከራል፣ ይሻሻላል፣ ይረጋገጣል፣ ትኩረት ይሰጠዋል። ማን ነው የሚያጠናክረው? እስከ መቼ? ስንት? ማኒፌስቶውን ይዘሽ ቁጭ ስትዪ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በአራት ጥያቄ ፈትኚው፦ ማን፣ ምን፣ ስንት፣ እስከ መቼ። አራቱንም የሚመልስ ብርቅ ነው። ሁለቱን ከመለሰ መዝግቢው፤ አንዱንም ካልመለሰ «ሊመዘን የማይችል» በሚል ለብቻው አስቀምጪው እንጂ አትጣዪው። ከአንድ ፓርቲ ማኒፌስቶ ውስጥ ሊመዘን የማይችለው ምን ያህል እንደሆነ ቆጥሮ ማሳወቅ ብቻውን ሰው የሚያነበው ነገር ነው።

ማኒፌስቶንና ፕሮግራምን አታምታቺ። ፕሮግራሙ ፓርቲው ሲመዘገብ ለምርጫ ቦርድ የሚያስገባው፣ አቋሙ የተጻፈበት ሰነድ ነው። ማኒፌስቶው ለዚያ ምርጫ ብቻ የተዘጋጀ ነው። ሁለቱ ሲጋጩ ደግሞ ያ ራሱ ይመዝገብ። በመድረክ የሚነገረው ሦስተኛው ዓይነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ የሌለውም የሚሰማው እዚያ ነው። ድምፅ ቅዱ፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተናጋሪውን ኃላፊነት ጻፉ። እዚህ ጅማ አብዛኛው ንግግር በአፋን ኦሮሞ ስለሚሆን መጀመሪያ በተነገረበት ቋንቋ ቃል በቃል ይጻፍ፤ ትርጉሙ ከሥሩ ይቀመጥ። ትርጉሙን ብቻ ከያዛችሁ «ተርጓሚው አዛብቶት ነው» ትባላላችሁ፤ እውነትም ሊሆን ይችላል። የፌስቡክ ጽሑፍ ይጠፋልና ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ ስክሪንሹት አንሱ።

ቀጥሎ ሰው ሁሉ የሚዘለው ነገር አለ፦ ቃሉ የማን ኪስ ነው? አንድ እጩ «የሰፈሩን መንገድ ኮብልስቶን አነጥፋለሁ፣ የዩኒቨርሲቲውን ሆስፒታል አሰፋለሁ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እጨምራለሁ» ቢልሽ ከሦስት የተለያየ ኪስ ነው የሚያወጣው። ኮብልስቶኑ የከተማ አስተዳደሩ ነው። ሆስፒታሉ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ገንዘቡ ከፌዴራል ይመጣል። ትምህርት ቤቱ የክልሉና ከሥሩ ያለው አስተዳደር ነው። በ2013 ዓ.ም. ሰኔ 14 በ6ኛው ጠቅላላ ምርጫ ድምፅ የተሰጠው ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤት ነበር፤ ለእኛ ያ ማለት ጨፌ ኦሮሚያ ነው። የከተማ ምክር ቤት የሚመረጠው በአካባቢ ምርጫ፣ ለብቻው ነው። እንግዲህ ለተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ስለ ኮብልስቶን ሲምል የሰው ገንዘብ እየተሳለ ነው። እሱ የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ የትኛውን ሕግ ትደግፋለህ፣ በቋሚ ኮሚቴ ውስጥ የትኛውን ሚኒስትር ስለ ምን ትጠይቃለህ፣ በእረፍት ጊዜ መራጩን የት ታገኛለህ? ይህን በአዳራሽ ስትጠይቁ ሰው ይስቃል፤ እጩው ግን አይስቅም።

ወደ ውሃው ልግባ፤ እኛ ሰፈር መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነውና። «የጅማን የንጹሕ መጠጥ ውሃ ችግር እንፈታለን» የሚለው ቃል እንዳለ አይመዘንም። «ችግር» ስንት ሊትር ነው? እዚህ ላይ መንግሥት ራሱ ያወጣው መለኪያ አለ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ ከ2008 እስከ 2012፣ ከ100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ሕዝብ ላለው ከተማ ለአንድ ሰው በቀን 80 ሊትር ተብሎ ተቀምጧል። ጅማ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ እንኳ ከ120 ሺህ በላይ ሰው ነበራት፤ ስለዚህ ከዚህ መደብ አትወርድም። 80 ሊትር ማለት 20 ሊትር የሚይዘው ቢጫ ጄሪካን 4 ጊዜ ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን 20 ጄሪካን፣ በ30 ቀን 12 ሜትር ኩብ ማለት ነው።

አሁን የውሃ ደረሰኝ አውጪ። የቀድሞ ንባብና የአሁን ንባብ አለው፤ ልዩነቱ በሜትር ኩብ ፍጆታው ነው። አንዱ ሜትር ኩብ 1000 ሊትር፣ 50 ጄሪካን ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት በወር 4 ሜትር ኩብ ከተጠቀመ ለአንድ ሰው በቀን 27 ሊትር ገደማ ደረሰው፤ ጄሪካን ተኩል እንኳ አይሞላም። ከ10 ቤት የ12 ወር ደረሰኝ ብትሰበስቡ ከማንም ሪፖርት የሚበልጥ መነሻ አላችሁ። አምስቱን ቤት ከዳገቱ፣ አምስቱን ከታች ምረጡ፤ ግፊት ሲያንስ ውሃ ላይኛው ቤት ስለማይደርስ፣ የታቹን ብቻ ከወሰዳችሁ ሰፈሩ የጠገበ ይመስላል።

የሚያሳስቱ ነገሮችም አሉ። አንድ ቆጣሪ ለአከራይና ለተከራዮች በጋራ ከሆነ በሁሉም ሰው ቁጥር ይካፈል። ሁለት ሦስት ወር ተከታትሎ አንድ ዓይነት ፍጆታ ከታየ በግምት የተሞላ ሊሆን ስለሚችል አስወጡት። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ በቧንቧው የገባው አየር ቆጣሪውን ሊያሽከረክረው ይችላል፤ ስለዚህ ከደረሰኙ ጎን ውሃ የመጣበትን ቀን በግድግዳ ካላንደር ላይ በእስክሪብቶ ምልክት የሚያደርግ ሰው በየቤቱ ይኑር። ስታነጻጽሩም ጥርን ከጥር፣ ነሐሴን ከነሐሴ ጋር ነው። ጅማ ክረምት ላይ ሰው የጣሪያ ውሃ ስለሚያጠራቅም ፍጆታው ይቀንሳል፤ ያንን «አቅርቦቱ ወረደ» ብላችሁ ብታቀርቡ በአንድ ጥያቄ ትወድቃላችሁ።

የአዌቱን ወንዝ እናጸዳለን ለሚሉትም እንዲሁ ነው። ከአንዱ ድልድይ እስከ ሌላው በእግር ሄዳችሁ ወደ ወንዙ የሚገባውን ፍሳሽ ቱቦ አንድ በአንድ ቁጠሩ፣ ፎቶ አንሱ። ያ ቁጥር መነሻችሁ ነው።

ስለ ጊዜ ደግሞ ፍትሐዊ ሁኑ። የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። 6ኛው ምርጫ ሰኔ ላይ ሲደረግ የ2014 በጀት፣ 561.7 ቢሊዮን ብር ገደማ፣ የጸደቀው በነባሩ ምክር ቤት ነው። አዲሱ መንግሥት የተመሠረተው መስከረም 24 ቀን 2014 ነበር። ስለዚህ አዲሱ ምክር ቤት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያየው በጀት የ2015ቱ፣ 786.6 ቢሊዮኑ ነው። ቃል የተገባው ሥራ በዚያ በጀት ውስጥ ገባ አልገባም ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ከዚያ በፊት «የት አለ» ማለት ጩኸት ነው። የፌዴራሉ ረቂቅ በጀት ለምክር ቤት የሚቀርበው ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ላይ ነው፤ ያንን ሰሞን ንቁ። ካፒታል በጀቱን፣ ለግንባታና ለመሣሪያ የሚመደበውን፣ ፈልጉ፤ መደበኛው አብዛኛው ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ ስለሆነ አዲስ ቃል እዚያ ውስጥ ብዙም አይገኝም። ሆላንድ ውስጥ አንድ የመንግሥት የኢኮኖሚ ትንተና ቢሮ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፓርቲዎች ወደው የሚሰጡትን ማኒፌስቶ ከምርጫው በፊት ወጪና ገቢውን ያሰላል። እኛ ጋ እንዲያ ያለ ስለሌለ «ገንዘቡ ከየት?» የሚለውን የሚጠይቀው አዳራሽ ውስጥ እጅ የሚያወጣው ሰው ነው።

መሠረተ ድንጋይ አያታልላችሁ። ድንጋዩ ዲዛይን ሳያልቅ፣ ጨረታ ሳይወጣ ሊቀመጥ ይችላል። የምትጠይቂው «ውሉ መቼ ተፈረመ፣ ስንት ቀን ተሰጠው?» ነው። ሥራው ከተጀመረ ቦታው ላይ ታፔላ ይቆማል፦ አሠሪ፣ ተቋራጭ፣ አማካሪ፣ የውል ዋጋ፣ የተጀመረበትና የሚጠናቀቅበት ቀን። በመጀመሪያው ሳምንት ፎቶ አንሺው፤ ቀኑ ሲያልፍ ታፔላው የመነቀል ወይም እንደገና የመቀባት ጠባይ አለው። «78 በመቶ ደርሷል» ሲባልም የምን 78 በይ። ቧንቧው ተቀብሮ፣ ማጠራቀሚያው ተገንብቶ፣ ሦስተኛው ክፍል፣ ፓምፑና ትራንስፎርመሩ፣ ካልመጣ የሦስቱ አማካይ 67 በመቶ ሊሆን ይችላል፤ ቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ ግን ዜሮ ነው። የከተማችን ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. ተመርቋል። ቃሉ «ፓርክ እንገነባለን» ከነበረ ተፈጽሟል፤ «ለወጣቱ ሥራ እንፈጥራለን» ከነበረ ግን የሚቆጠረው ሼዱ፣ የፋብሪካው አዳራሽ፣ ሳይሆን ደመወዝ የሚፈርመው ሰው ነው። ሁለቱ በአንድ ሪባን አይቆረጡም።

መረጃ ለመጠየቅ አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለላችሁ። ለምን እንደፈለጋችሁ የመናገር ግዴታ የለባችሁም፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። «የውሃ ችግሩ ለምን አልተፈታም?» ብለሽ ግን አትጻፊ፤ የሚመለስልሽ ንግግር ነው። እንዲህ ጻፊ፦ «በዚህ በጀት ዓመት ለመስመር ማስፋፊያ የተፈቀደው ካፒታል በጀት ስንት ነው? እስከ መጋቢት 30 ሥራ ላይ የዋለውስ? ከተቋራጩ ጋር ውል የተፈረመበትና የሚጠናቀቅበት ቀን መቼ ነው?» ሦስት ጥያቄ ይበቃል፤ አሥራ አምስት ከሆነ ጠረጴዛ ላይ ያድራል። ሁለት ኮፒ ይዘሽ መዝገብ ቤት ሂጂ፣ በአንቺ ኮፒ ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ይደረግ፤ ያለዚያ 30ው ቀን ከመቼ እንደሚቆጠር ማስረጃ የለሽም። ሰኔ ላይ አታስገቢ፣ ሂሳብ መዝጊያ ነው። ከከለከሉ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይግባኝ አለ። ስትሄጂም የማንንም ፓርቲ ቲሸርት ለብሶ የሚሄድ ልጅ አብሮ አይኑር።

ውጤት ስትሰጡ እያንዳንዱን ቃል ሁለት ሰው ለየብቻ ይመዝነው፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ። ካልተስማሙ ያ ልዩነት ይጻፍ። «በሂደት ላይ» የሚለውን ምድብ ጠብቁት፤ ሰነፍ ቃል ሁሉ እዚያ ነው የሚደበቀው። በጀት፣ ውል ወይም ረቂቅ ሕግ ካልታየ «አልተጀመረም» ነው። ተቃዋሚ ሆኖ የቀረ ፓርቲ ደግሞ በጀት የለውምና «አልሠራህም» አይባልም፤ ምክር ቤት ከገባ ስለ ገባው ቃል ምን ጠየቀ፣ እንዴት ድምፅ ሰጠ ተብሎ ይመዘናል። ከማውጣታችሁ በፊት ለፓርቲው ልካችሁ 15 ቀን ስጡት፤ ጦርነት፣ የዋጋ ንረት፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረት የሚል ምክንያት ካመጣ በራሱ ቃል ከውጤቱ ጎን አትሙት። ዝም ካለም «መልስ አልሰጠም» በሉ፤ ሌላ ቅጽል አትጨምሩበት።

የቤታችንን ደረሰኞች በላስቲክ አስሬ ቁም ሳጥኑ ሥር አስቀምጬልሻለሁ። የመጋቢትና የሚያዝያው አንድ ቁጥር ነው፤ ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ በሩ ተዘግቶበት መሆን አለበት። ሁለቱን አታስገቢያቸው፣ ከጎረቤት ውሰጂ። ታናሽሽ ካላንደሩ ላይ ምልክት ማድረግ ጀምሯል፤ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ ነው የተከበቡት።

እናትሽ