ስዊች ወይስ ፕሌይስቴሽን ላልሽኝ ልጄ

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደመወዝሽን አጠራቅመሽ ፕሌይስቴሽን 5 ልግዛ ወይስ ኔንቲዶ ስዊች ብለሽ ስላማከርሽኝ ደስ ብሎኛል፤ ሌሎች እናቶች የሚማከሩት ስለ ወርቅና ስለ ፍሪጅ ነው። የሥራ ባልደረባሽ «ስዊች አቅም የለውም፣ የሕፃናት መጫወቻ ነው» ማለቱንም አነበብኩ። አቅም የለውም ማለቱ ልክ ነው። ከዚያ ተነስቶ ጌሙም አይረባም ማለቱ ግን የጌምን ታሪክ አለማወቅ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።)

ቴትሪስ የሚባለውን ጡብ የመደርደር ጌም እንኳ ብናይ፣ አሌክሲ ፓጂትኖቭ በ1984 ሞስኮ ውስጥ የሠራበት ኮምፒውተር ሥዕል ማሳየት አይችልም ነበር። ስለዚህ የሚወርዱትን ጡቦች በቅንፍ ምልክት አቆማቸው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ሰው አልጠገበውም። በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮም ጠቅላላ መጠኑ 40 ኪሎባይት ነው፤ በቴሌግራም የምትልኪልኝ አንድ ፎቶ ይበልጠዋል። ቦታ ስላልነበራቸው ደመናውንና ቁጥቋጦውን በአንድ ሥዕል ነው የሠሩት፣ አንዱን ነጭ ሌላውን አረንጓዴ ቀብተው። እኛ በቴሌቪዥን በሚሰካው ርካሽ ጌም ስንቴ ስንጫወተው ማናችንም አልነቃንበትም። የማሪዮ ጢም ራሱ ከዚሁ የመጣ ነው፤ በዚያች ሚጢጢ ምስል ላይ አፍ መሳል አስቸጋሪ ስለነበር ጢም አበቀሉለት።

በእጅ የሚያዘው የኔንቲዶ ጌም ቦይ በ1989 ሲወጣ ስክሪኑ ቀለም አልነበረውም፣ መብራትም አልነበረውም። ተፎካካሪዎቹ አታሪ ሊንክስና የሴጋ ጌም ጊር ባለ ቀለም ነበሩ፤ ነገር ግን 6 የባትሪ ድንጋይ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጨርሱ ነበር። ጌም ቦይ በ4 ድንጋይ ውሎ ያድራል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ማን እንዳሸነፈ ታውቂያለሽ። ከኋላው የነበረው መሐንዲስ ጉንፔ ዮኮይ ኔንቲዶ ሲቀጠር ሥራው የካርታ ማምረቻ ማሽኖችን መጠገን ነበር፤ ኔንቲዶ በ1889 ኪዮቶ ውስጥ የተመሠረተው የመጫወቻ ካርታ ሊሠራ ነው። ዮኮይ አዲስ የወጣውን ውድ ዕቃ ሳይሆን ያረጀውን፣ የረከሰውንና ሁሉም ጠባዩን የሚያውቀውን ዕቃ ሆን ብሎ ይመርጥ ነበር። እኔ በጌም ዓለም እንደ እሱ የማከብረው ሰው የለም።

አሁን ወደ እኔው ፍቅር፣ ወደ ፕሌይስቴሽን 2። በ2000 ወጣ፣ ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ ዲቪዲም ስለሚያጫውት ብዙ ቤት የገባው በፊልም ስም ነው። በቀጣዩ ዓመት የመጡት ኤክስቦክስና ጌምኪዩብ በጉልበት ይበልጡት ነበር፣ አልደረሱበትም። በሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ደንቡ የተሸነፈ ይከፍላል ነበር። ወንዶቹ ሴት መጥታለች ብለው በነፃ የሚጫወቱ ይመስላቸውና ከፍለው ይወጡ ነበር። ፔስ 6 በሚባለው የኳስ ጌም ላይ ኢንተርን ይዤ ለአድሪያኖ ኳስ ካደረስኩ አለቀ፤ ከሩቅ ሲመታ በረኛው ምንም አይጠቅምም። አንዳንድ ቤት አድሪያኖን መያዝ ተከልክሎ ነበር፣ ክልከላው ደግሞ ፍትሐዊ ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን ኳስ አይደለም፣ ሻዶው ኦፍ ዘ ኮለሰስ ነው። በ2005 የወጣ የፉሚቶ ኡዌዳ ሥራ። አንድ ወጣት የሞተች ልጃገረድ ተሸክሞ ወደተከለከለ ምድር ይገባል፤ 16 ግዙፍ ፍጡራን ከገደልክ ትነሳልሃለች ይባላል። ሌላ ጠላት የለም። ሰፊ ሜዳ፣ ነፋስ፣ ፈረስህና አንተ። ሰይፉን ወደ ፀሐይ ስታነሺው ብርሃኑ መንገድ ያሳይሻል፤ ከዚያ ግዙፉ ጀርባ ላይ ፀጉሩን ጨብጠሽ ስትወጪ ጣትሽ ከጆይስቲኩ ቁልፍ ላይ መነሳት የለበትም። ግዙፉ ሲወድቅ የሚመጣው ሙዚቃ የድል ሳይሆን የለቅሶ ነው። ልጁም ከእያንዳንዱ ግድያ በኋላ መልኩ እየጠቆረ ይሄዳል። ፕሌይስቴሽን 2 ይህን ሁሉ ለመሸከም ያቃስት ነበር፣ ግዙፎቹ ሲንቀሳቀሱ ምስሉ ይጎተታል። አንቺ የምታውቂው በ2018 ለፕሌይስቴሽን 4 እንደ አዲስ የተሠራውን ነው። ያምራል፣ አልክድም። ግን ያስለቀሰሽ ነገር ሁሉ በአሮጌው ውስጥም ነበረ።

ወደ ጥያቄሽ። እኔ ስዊች እላለሁ። በ2017 ሲወጣ ልቡ የሆነው ቺፕ ያኔም ቢሆን አዲስ አልነበረም፣ የዮኮይ ትምህርት መሆኑ ነው። የራሱ ስክሪንና ባትሪ ስላለው መብራት ሲጠፋ ትጫወቺበታለሽ፤ ፕሌይስቴሽን 5 ያኔ ጠረጴዛ የሚያጣብብ ዕቃ ነው። አብሮት የሚመጣው ጆይኮን የሚባለው ጆይስቲክ ለሁለት ስለሚከፈል ሌላ ሳትገዢ ከጓደኛሽ ጋር የመኪና እሽቅድምድሙን ማሪዮ ካርት መጋጠም ትችያለሽ። የጌሞቹም መጠን ትንሽ ነው፤ እንደ ባልደረባሽ ያሉት የሚወዱት የተኩስ ጌም ኮል ኦፍ ዲዩቲ ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው፣ በእኛ ኢንተርኔት ስንት ሌሊት ቁጭ ብለሽ ልታወርጂው ነው? አንድ ጉድለቱን ግን እወቂ፦ የኔንቲዶ የራሱ ጌሞች በቀላሉ ዋጋቸው አይወርድም።

ልብሽ ወደ ፕሌይስቴሽን ካደላ ደግሞ ዲስክ ማስገቢያ ያለውን ብቻ ግዢ። ዲጂታል የሚባለው እንደተገዛ ዲስክ አይቀበልም፣ በ2024 የወጣው ውዱ ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ራሱ ያለ ማስገቢያ ነው የሚሸጠው። ዲስክ ትዋዋሻለሽ፣ ትለዋወጫለሽ፣ ሲሰለችሽ ትሸጪዋለሽ።

ስዊቹን ከዱባይ የሚያመጣልሽ ሰው ካለ፣ ሳጥኑ ዙሪያው ሙሉ በሙሉ ቀይ የሆነውን ፈልግልኝ በዪው፤ ከ2019 ወዲህ የተሠራው እሱ ነው፣ ባትሪው ከመጀመሪያው በጣም ይሻላል። ዜልዳ ከሚባሉት የኔንቲዶ ጌሞች ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድን አስቀድሚ፤ ካርታውንም ከዩቲዩብ አትይ፣ ያየሽውን ተራራ ሁሉ ራስሽ ውጪው።

እናትሽ