ለአናጢው ወንድሜ

እንደምን ከረምክ? ሁለት ዓመት ጠፍቼ ዛሬ ደግሞ ለጉዳይ ብቅ አልኩልህ። ስድብህን ከወዲሁ ተቀብያለሁ። ስለ እናትህ... ስንት ማታ ቁጥርህን አውጥቼ አይቼ ስልኩን መልሼ አስቀምጫለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። እሱን ስመጣ ቁጭ ብለን እናወራዋለን፣ እሺ?

ጉዳዬ ይኸውልህ። መርከብ ትሠራልኛለህ?

አትሳቅ! ልጄ ነው ያበደው። ባለፈው ወር ለንደን፣ ግሪንዊች ወዳለው የባሕር ሙዚየም ወሰድኩት። እዚያ የአንዲት የድሮ ጦር መርከብ የኋላ ፊት ተሰቅሏል። ቤት የሚያክል እንጨት፣ መስኮት በመስኮት፣ ዙሪያው በመሮ የተቀረጸ። እኔ ወዲያው አንተን አሰብኩ። እሱ ግን ቀና ብሎ አየና «የቀረውስ የት ሄደ?» አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። መርከቢቱ የፈረንሳይ ነበረች፣ በ1800 በፈረንጆች ሮሽፎር በሚባል የፈረንሳይ ወደብ ነው ውሃ የገባችው። ስሟ ዱጌ ትሩዋን፣ ባለ 74 መድፍ። በ1805 ትራፋልጋር በተባለው የባሕር ጦርነት ላይ ነበረች። ፈረንሳዮቹ በእንግሊዞች ሲሸነፉ ከሌሎች ሦስት መርከቦች ጋር አመለጠች። ማምለጧ ግን ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የቆየው። ስፔን ሰሜን ዳርቻ ላይ እንግሊዞች ደረሱባቸውና አዛዧ ተገደለ፣ እሷም ተማረከች። አዲስ ስም አወጡላት፣ ኢምፕላከብል። እርቅ የማያውቅ እንደማለት ነው። (አንተን አስታወሰኝ፣ ዝም ብዬ ነው።)

ለፈረንሳይ ያገለገለችው አምስት ዓመት ነው። ለእንግሊዝ ግን በባልቲክ ባሕር ከሩሲያ ጋር ተዋግታለች፣ ስታረጅም መርከበኛ የሚሆኑ ልጆች ማሠልጠኛ ሆናለች። በ1949 ማን ያድሳት? ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገንዘብ የለም። ፈረንሳዮችም አንወስዳትም አሉ። የሁለቱንም አገር ባንዲራ ሰቀሉባትና ባሕር ላይ አውጥተው በፈንጂ አሰጠሟት። ታችዋ ተገንጥሎ እንኳ ላይኛው አካሏ ለሰዓታት አልሰጥምም ብሎ ተንሳፈፈ። የኋላዋን ግን አስቀድመው ፈትተው አስቀርተውት ነበር።

ልጄ ይህን ሲሰማ አለቀሰ። ልክ እንደዚህ፣ ከንፈሩን ነክሶ። «ለምን አላስተካከሏትም?» ይለኛል። ብር አልነበራቸውም ብዬ ብነግረው አልገባውም።

እንግዲህ ልናዘዝልህ። አባትህ ለሠርጌ የሠሩልኝ ሳጥን ትዝ ይልሃል? ቤት ስንቀይር በደረጃው አልወርድ አለ። ቸኮልኩና ጥዬው ወጣሁ። ክዳኑን ብቻ ፈትቼ ይዤ መጣሁ። አሁን ልጄ አልጋ ራስጌ ላይ ነው። ለአንተ መንገር ያቃተኝ ይሄም ነበር።

እና መርከቢቱን... ከዋንዛ ብታደርጋት፣ አንድ ክንድ ያህል። ሸራው ቢቀርም ችግር የለም። የኋላዋን ግን አሳምርልኝ፣ ፎቶ እልክልሃለሁ። ዋጋዋን ንገረኝ፣ በወንድም ሒሳብ ብለህ እንዳታፍር። የሠራህልኝ በርጩማ እስከዛሬ ቢያነክስም እምነቴ አልተነካም።

መድፎቹን ግን ላሳንስ ብለህ እንዳትቀንስ። ልጁ ይቆጥራል።