የነቀዝ ክኒን ከመኝታ ቤት ይውጣ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

አውድማው ተጠርጎ እህል ቤት የሚገባበት ጊዜ ነው። በእነዋሪ ስንዴና ባቄላ፣ በምንጃር ጤፍና ሽምብራ፣ በሸዋሮቢት ማሽላና ማሾ። ነቀዝም አብሮ ይገባል። እኛን ይበልጥ የሚያስጨንቀን ግን ለነቀዙ ተብሎ ከገበያ በፍሬ እየተቆጠረ የሚገዛው ክኒን ነው፤ ጆንያ ውስጥ ተከቶ፣ ጆንያው አልጋ ሥር ይቀመጣልና።

ክኒኑ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይለቃል፤ ባለ 3 ግራሙ አንድ ፍሬ 1 ግራም ያህል ጋዝ ይወጣዋል። ማርከሻ የለውም። በግድግዳ ስንጥቅና በኮርኒስ ሾልኮ ጎረቤት ክፍል ይገባል። ሽታ አለመኖሩም ዋስትና አይሆንም። ደግሞም በተራ ጆንያ ውስጥ ጋዙ ቶሎ ስለሚያመልጥ በእህሉ ፍሬ ውስጥ ያለው የነቀዙ እንቁላልና ትል ይተርፋል። ከወር በኋላ ነቀዙ ብቅ ሲል ሰው «ክኒኑ አነሰ» ብሎ እጥፍ ይጨምራል። ጉዳቱም እዚህ ላይ ይብሳል።

ያለ ክኒን ይቻላል። ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ውጪው የማዳበሪያ ጆንያ የሆነው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት (ፒክስ የሚባለው) አየር አያስገባም። ነቀዙ በውስጡ ያለውን አየር ጨርሶ ታፍኖ ይሞታል። እህሉ ግን በደንብ መድረቅ አለበት፤ እርጥብ ከታሸገ ይሻግታል። መፈተኛው ጨው ነው፦ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አንድ እፍኝ እህልና አንድ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሮ መነቅነቅ፣ 15 ደቂቃ ማሳረፍ። ጨው ከጠርሙሱ ጎን ከተጣበቀ እህሉ ገና ነው። ካልተጣበቀም አንድ ሁለት ቀን ጸሐይ ቢጨመርለት አይከፋም።

ሽምብራና ማሾ ላይ ቅርፊቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ማየት ይገባል። እንደ መርፌ ጫፍ ያለ ነጭ ነጥብ የተለጠፈበት ከሆነ እንቁላል ነው፤ ክብ ቀዳዳ ካለበት ደግሞ ነቀዙ በልቶ ወጥቷል። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ያዘገየዋል። ሸዋሮቢት ግን ሙቀት ነውና ከውቂያው በኋላ እንደደረቀ ሳይዘገይ መታሸግ አለበት።

ላስቲኮቹን ከመሙላት በፊት አየር ነፍቶ፣ አፋቸውን ጨብጦ መጫን ነው፤ ቀዳዳ ካለ ይተነፍሳል። እህሉ ከተሞላ በኋላ አየሩን በእጅ ገፍቶ ማስወጣት፣ አፉን ጠምዝዞ ማጠፍ፣ እያንዳንዱን ላስቲክ ለየብቻ በሲባጎ ጠበቅ አድርጎ ማሰር። ከዚያ ከግድግዳ ራቅ አድርጎ በእንጨት ርብራብ ላይ ማስቀመጥ። አይጥ አንዴ ከበሳው ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነውና ዙሪያው ይጠረግ፣ የወዳደቀ እህል አይኑር። የወር ቀለብ ለብቻ ይቀመጥ፤ የታሸገው ቢያንስ አንድ ወር ሳይከፈት ይቆይ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ለአንድ ቁና ብሎ በየሳምንቱ ይፈታዋል፣ አዲስ አየር ሲገባም የቀረው ነቀዝ ነፍስ ይዘራል።

ክኒን አስቀድሞ የገባበት ቤት ካለ በርና መስኮቱን ከፍቶ ወዲያው መውጣት ነው፤ ሰውም ከብትም እዚያ አይደር። ክኒኑን ውሃ ውስጥ መጣል ፈጽሞ አይገባም፤ ጋዙን ባንዴ ያስለቅቀዋል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም የደረት መጨናነቅ የተሰማው ሰው አየር ወዳለበት ወጥቶ በፍጥነት ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ምን እንደነካውም ለባለሙያው ይነገር።

በሰሜን ሸዋ የእህል አቀማመጥ ላይ የምንሠራ የግብርና ባለሙያዎች